በማርሹና በጉልበቴ መሐል

እናቶች ስለ ምጥ አውርተው አይጠግቡም። እኔ ደግሞ የማወራው ከምጡ በኋላ ስላለው መንገድ ነው፤ ስለ መልሱ። አምቡላንስ ሲሄድ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ከብቱ ከመንገድ ይነዳል፣ ሴቱ «ማርያም ትቅረብሽ» ይላል። ሲመለስ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ባዶ መኪና ነዋ! ባዶው ውስጥ እኔና ሹፌሩ ነበርን።

ያኔ የተመደብኩት ከአገና አልፎ ወደ አረቅጥ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የወልቂጤ ልጅ። አባዬ አናጺ ነው፤ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ በምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። ምደባዬን ስነግረው «ደጋ ነው፤ ጋቢ ሳትይዢ እንዳትሄጂ» አለኝ። ምክሩ ይኸው ነበር። ብርዱንስ በጋቢ ቻልኩት።

አምቡላንሷ ለወረዳው አዲስ ነበረች። ከሷ በፊት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ፣ በጎረቤት ወንዶች ትከሻ ነበር የምትወርደው፤ መንገድ ላይ የቀሩትን የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ በስም ይጠራቸዋል። ስለዚህ መኪናዋ የመጣች ቀን ሽማግሌ መረቀ፣ ሴቱ እልል አለ፤ ሹፌሩም አብሮ ተመረቀ። ደግሞ እውነቱን እንናገር፣ ጎበዝ ሹፌር ነው። ሌላው «ጭቃ ነው፣ አልገባም» የሚልበት ጀፎር ድረስ፣ በእንሰቱ መሐል በሚዘልቀው የመንደር ሣር ላይ፣ እየተንሸራተተ ገብቶ ምጥ የያዛትን ይዞ ይወጣል። ለመስቀል ክትፎ የሚጠራው ቤት በዝቶ የቱ ጋ እንደሚገባ ይቸግረው ነበር። ባለትዳር ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ ጨዋታ ያውቃል። እስቲ እንዲህ ያለውን ሰው ከሰሽ ማን ይሰማሻል?

ሥራው እንዲህ ነው። እኛ ጋ ያልሆነላት ሴት ሪፈር ተብላ ወደ ወልቂጤ ትወርዳለች። ስንወርድ እኔ ከኋላ ነኝ፤ ግሉኮሱን ይዤ፣ ሆዷን እየዳበስኩ፣ «አይዞሽ፣ ደረስን» እያልኩ። አማቷ ወይ እናቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሆስፒታል አስረክበን ስንመለስ ግን የኋላው ክፍል በበረኪና ታጥቦ ውሃ ያንጠባጥባል፤ በሩም ከውስጥ አይከፈትም፣ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ መልስ ጋቢና ነው። ጋቢና ማለት እሱ፣ ማርሹ፣ ከዚያ እኔ።

ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የጀመረው። መጀመሪያ «ሲስተር፣ እጮኛ የለሽም እንዴ?» ነበር። ቀጥሎ «ይኼን የመሰለ ቁመና ደጋ ላይ ሊበላሽ!» ሆነ። እኔም የአራዳ ልጅ ነኝ ብዬ እስቅና አልፈዋለሁ፤ ሹፌርን አኩርፈሽ ደግሞ በማን ትሄጃለሽ? ከዚያ ማርሽ ሲቀይር እጁ ጉልበቴን መንካት ጀመረ። አጋጣሚ መሰለኝ። ጉልበቴን ወደ በሩ ሰበሰብኩ። እጁ ተከትሎኝ መጣ። አምስተኛ ማርሽ ወደኔ በኩል ነው የሚገባው፤ ግን በዚያ ኮረኮንች አምስተኛ የሚያስገባ ሹፌር አይቼም ሰምቼም አላውቅ! እሱ ግን ሁልጊዜ አምስተኛ ይፈልጋል።

እናም የማዋለጃ ሻንጣዬን መሐል ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ትልቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ መቀሱም ጓንቱም እዚያው ነው ያለው። በማርሹና በጉልበቴ መሐል አጥር ሆነ።

«ይኼ ሻንጣ ኋላ አይሄድም?» አለኝ አንድ ቀን።

«ኋላ ርጥብ ነው፤ ዕቃው ንጹሕ መሆን አለበት» አልኩት።

«የኔ ጥንቁቅ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሌሎቹም አዋላጆች እንደኔው ሻንጣ ሲያስቀምጡ፣ ጋቢ ሲያስቀምጡ ኖረዋል፤ አንዷ ባዶ ጀሪካን ይዛ ትሄድ ነበር። ማንም ለማንም አልተናገረም። «እሱ እኮ እጁ እንዲህ ነው» አሉኝ፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስል። ተሳስቀን ተለያየን። አሁን ሳስበው ያበግነኛል፤ ምኑ ነው ያሳቀን?

ያ ቀን የአገና ገበያ ቀን ነበር። አንዲት መንታ ያረገዘች ሴት አውርደን ስንመለስ ከሰዓት ሆኗል። አገናን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ ወረደ። የደጋውን ጉም ያላየ ሰው አይገባውም፤ በቀን ብርሃን የመኪናውን አፍንጫ አታየውም። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ዳር ይዞ አቆመ።

«ሞተሩ ሞቀ» አለ።

በዚያ ብርድ! ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሞተር ሞቀ ይለኛል! ሻንጣውን አነሳና በራሱ በኩል ከበሩ ሥር አስቀመጠው። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ ዕቃው እንዳይሰበር የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። ከዚያ አንገቴን ይዞ ጎተተኝ። ጮህኩ። «ማን ይሰማሻል፣ አትድከሚ» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ማንም አይሰማም። ሌላው እጁ ቀሚሴ ውስጥ ነበር። ሁሉን አልጽፈውም፤ ሆድ ይፍጀው። ያ እጅ ግን እስካሁን የሚሰማኝ ቀን አለ። አንገቴን የያዘውን እጁን ባገኘሁት ጥርስ ሁሉ ነከስኩት፤ ሲለቀኝ በሩን ከፍቼ ወደቅኩ፤ ተነሥቼ ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም፤ ከፊቴ ነጭ ነው። ድምፅ ሰማሁ፤ ሴቶች ናቸው፣ ከገበያ የሚመለሱ። ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፣ ጀርባቸው ላይ ሸክም፣ እጃቸው ላይ ጫማ። አዩኝ። አንድ እግሬን አዩ፣ የተቀደደውን የቀሚሴን አንገት አዩ። ከመሐላቸው አንዲት እናት፣ ረዘም ያሉ፣ ነጠላቸውን አውርደው አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝና በጉራጌኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ሆነው መሐል አስገቡኝ። ምን ሆንሽ ያለኝ የለም።

ጥቂት እንደሄድን የመኪናው መብራት ከኋላችን መጣ። በእግራችን ልክ እየተንፏቀቀ ተከተለን። መስኮቱን አውርዶ፣ በዚያ ሰው ሁሉ በሚወድለት ድምፁ፣ «ሲስተር! ግቢ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል!» አለ። ላንዱ እግሬ ያዘነልኝ ይመስላል።

«በእግሯ ትሄዳለች» አሉት ረጅሟ እናት በአማርኛ። «መንገድህን ሂድ።»

አልሄደም። እስከ መንደሩ ድረስ መብራቱ ጀርባችን ላይ ነበር። አንዴ ክላክስ አደረገ፤ ሴቶቹ ሁሉ ደነገጡ፣ እኔ ግን ዞሬ ላይ ስል እኚያ እናት ክንዴን ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ ፊትሽን እንዳታዞሪለት» አሉኝ። አላዞርኩም።

በማግሥቱ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ራሱን ይዞ ሰማኝ። ስጨርስ በመስኮቱ መኪናዋን እያየ፣ «ሲስተር፣ እስቲ አንቺው ንገሪኝ» አለ። «አምቡላንሱ አንድ ነው። ሹፌሩ አንድ ነው። ፖሊስ ጋ ሄደሽ ቢታሰር፣ ነገ ደም የሚፈሳት እናት በምን ትወርዳለች?»

ግድግዳው ላይ እናት በወሊድ ምክንያት አትሙት የሚለው መፈክር ተለጥፏል። እኔው ነበርኩ የለጠፍኩት። ነገሩ ዞሮ እናቶችን የምገድለው እኔ ሆንኩ!

«ካልሆነም በግምገማ ላይ አንሺው» አለኝ። ያኔ ሁሉ ነገር በግምገማ ነው፤ አንድ ለአምስት ተደራጅተን በየሳምንቱ እንገማገማለን፤ ስለ ሽንት ቤት ሳይቀር። አነሳሁት። ያቺ ጀሪካን የምትይዘው ጓደኛዬ ጫማዋን ታያለች። በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ እጁን አጣመረና በመሐላችን የቡድን መንፈስ እየላላ መሆኑን ገመገመ። አይ ጉድ! ሻይ ጠጥተን ተበተንን።

ሹፌሩ ግን ብልጥ ነው፤ እኔ ፖሊስ ጋ ሳልደርስ ሽማግሌ ላከ። እኔ ጋ አይደለም የላከው፤ ወልቂጤ፣ አባዬ ጋ። የሴት ልጅ ነገር የአባቷ ነው ይባላላ። ከአገና የመጡት ሽማግሌዎች የተከበሩ ናቸው፤ እነሱ የጨረሱት ነገር ፍርድ ቤት ከጨረሰው ይበልጣል፣ ያፈረሰም ሰው ወየውለት፤ ሲቸግረው ደጁን የሚረግጥ፣ ሲሞት የሚቀብረው ያጣል። አባዬ ወርክሾፑ ውስጥ በሳንቃ ላይ አንሶላ አንጥፎ አስቀመጣቸው። እኔ ሻይ አቀረብኩ። ስለ ነገሩ ተጠርቼ የመጣሁት እኔ፣ ሻይ የማቀርበውም እኔ!

አባዬ የሚያውቀው «አስቸገረኝ» ማለቴን ብቻ ነው። ሴት ልጅ ለአባቷ ከዚህ በላይ ምን ትላለች? አስቸገረኝ ማለት ቃል ተናገረኝ ሊሆን ይችላል፣ ዓይኑን ጣለብኝ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቹም «የሆነች ብልግና ቢጤ» እያሉ ነው የሚያነሱት። እኔም በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ቀሚሴን፣ አንገቴን፣ የሱን እጅ እያልኩ መዘርዘር ሞት መሰለኝ።

ሹፌሩም አብሯቸው መጥቶ ነበርና ተነሣ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለና ጎንበስ ብሎ የአባዬን ጉልበት ሳመ። ቀጥሎ ወደኔ መጣ፤ ጉልበቴን ሳመ። ያንኑ ጉልበት። ሰውነቴ ጣውላ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ቆመው ፈረዱ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እህትህ ናት። እናትህ እንደወለደቻት ቁጠራት። በእህቱ ላይ እጁን የሚያነሣ ዘሩ አይባረክ።» ሁሉም «አይባረክ» አለ። ሹፌሩ አሜን አለ።

ከዚያ ዋስ ተጠራ። በሱ በኩል አጎቱ፣ ዳግመኛ እንዳይነካት። በኔ በኩል ደግሞ ነገሩን ፖሊስ ጋ፣ ፍርድ ቤት እንዳላወጣ ዋስ ተጠየቀ።

«እኔ ነኝ ዋሷ» አለ አባዬ።

ኩራት ነበረው ድምፁ። ልጄ ቃሏን ትጠብቃለች ማለቱ ነው። ከዚህ በኋላ አፌን ብከፍት የምወድቀው እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው።

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው፤ እኛ ብቻ የምንሠራው ስሕተት። ጤና ጣቢያ ስመለስ ኃላፊው ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። ከነገሩ ወዲህ ከሹፌሩ ጋር ሌሎቹ አዋላጆች ነበሩ የሚሄዱት፤ እሱም በቀልድ መልክ ማማረር ጀምሯል፣ እነሱም ፈርተዋል። «እንኳን ደስ ያለሽ! አሁንማ በመሐላ ወንድምሽ ነው» አለኝ ኃላፊው። «ከሱ ጋር ከሁሉም የምትሻዪው አንቺ ነሽ። የሌሎቹ እኮ ወንድም አይደለም!» የሪፈሩን ሥራ ለኔ ሰጠኝ። እየቀለደ አይደለም፤ ከልቡ አምኖ ነው። ሽማግሌ የፈረደው ነገር ተፈጸመ ማለት ነው ለሱ። ጓደኞቼም ተነፈሱ፤ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ እንደገና ጋቢና ገባሁ።

«እህቴ» ይለኛል። ሰው ሲሰማ ደግሞ ጮክ ይላል፦ «እህቴ፣ ብርድ አይምታሽ! እህቴ ምሳ በልታለች?» ባለ ሻይ ቤቷ «ስታምሩ!» ትላለች። እኔ ሻንጣዬን መሐል አስቀምጬ በሩን ታቅፌ እቀመጣለሁ። ምንም አላደረገኝም። ይኼንን ለማን ላስረዳ? ምንም ሳያደርገኝ ነው ያለቅኩት። እጁ ማርሹ ላይ ሲያርፍ አየዋለሁ፤ ሲነሳ አየዋለሁ። ሦስተኛ። ሁለተኛ። ወደኔ ይመጣል? አልመጣም። ቀጥሎስ? አንዲት ሴት ምጥ ያዛት ሲባል እኔም የራሴ ምጥ ይይዘኝ ነበር። ምግብ አልወርድልኝ አለ፤ ሌሊት የእጀታ ድምፅ እየሰማሁ እነቃለሁ። የማዋልዳቸው እናቶች ሳይቀሩ «ሲስተር፣ ከስተሻል» ይሉኛል።

መላ አበጀሁ። ስንመለስ አስታማሚ ዘመዶችን፣ ወደ ላይ የሚሄዱ አሮጊቶችን ጋቢና መጫን ጀመርኩ። «እማማ፣ ይግቡ፣ ይግቡ፤ እግርዎን ያሳርፉ!» እላለሁ፤ እሳቸው ይመርቁኛል፣ እኔ ግን ለራሴ ነው። ሹፌሩ ሳቅ እያለ ተናገረ፣ አምቡላንስ ታክሲ ሆነች አለ። ኃላፊው ሕግ አወጣ፤ ከሕመምተኛና ከባለሙያ በቀር ሰው መጫን ክልክል። ትክክለኛ ሕግ ነው፤ በየትም አገር ያለ።

ከዚያ በኋላ በሆነ አንድ ቀን ጉም ነበር። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ዳር ያዘ። አቆመ። እጁን ሻንጣው ላይ አሳረፈ።

«ሞተሩ ሞቀ» አለ።

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ዞር ብሎ አየኝና ከት ብሎ ሳቀ። «ቀልዴን እኮ ነው፣ እህቴ! ምን አስደነገጠሽ?» ብሎ ነዳ። ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። እንግዲህ የሚጠብቀው ቀን እንጂ መሐላውን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

የመጨረሻው ጊዜ ያወረድናት ወላድ ገና ልጅ ነበረች፤ የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ወልቂጤ አስረከብኳት፤ ሐኪሞቹ ተቀበሉኝ፣ ልጁም በሰላም ወጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ግቢው ስወጣ መኪናዋ ታጥባ በውሃ ታበራለች። እሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። «ግቢ እንጂ እህቴ፣ ጉሙ ሳይወርድ እንድረስ» አለኝ። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ በራሱ በኩል፣ ከበሩ ሥር አስቀመጠው። ቀስ ብሎ። ልክ እንደዚያ ቀን።

እግሬ እምቢ አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ልግባ ብዬ ነበር! እግሬ ነው እምቢ ያለው። «መጣሁ» አልኩትና በሆስፒታሉ በር ወጥቼ ወደ አባዬ ወርክሾፕ ተጓዝኩ።

አባዬ ሳንቃ እየላገ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መላጊያውን አቆመ። ፊቱን እያየሁ መናገር አልቻልኩም፤ ዞሬ የተደረደረውን ጣውላ እያየሁ ነገርኩት። ጉሙን፣ አንገቴን፣ ቀሚሴን፣ ጫማዬን፣ ሁሉንም። «አባዬ፣ ዋስ ሆነህልኛል፤ ግን ከዚህ ሰው ጋር ከምሄድ ብሞት ይሻለኛል» አልኩት። ከዚያ ብሎኖች የሚይዝበት ቆርቆሮ መሬት ላይ ወደቀ፤ እጁ መትቶት ነው። አላነሣውም።

ኮቱን ለበሰ። «ሻንጣሽስ?» አለኝ።

«መኪናው ውስጥ ነው።»

«ነይ።»

ግቢው ስንደርስ ሹፌሩ አባዬን ሲያይ ፈገግ ብሎ ጎንበስ አለ። አባዬ ሰላም አላለውም። በኔ በር ገብቶ መሐል ተቀመጠ፣ ማርሹ ጉልበቱ ሥር፤ ሻንጣዬን አንስቶ ለኔ አቀበለኝ። እኔ በሩ ጋ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ፤ ሰው መጫን ተከልክሏል» አለ ሹፌሩ።

«የተከለከለው ሰው ነው። እኔ ዋስ ነኝ» አለ አባዬ። «ንዳ።»

ያ አምስተኛ ማርሽ የማያጣው ሰውዬ፣ በደህናው ጥርጊያ መንገድ እንኳ አምስተኛ ትዝ አላለውም! አገናን አልፈን ባሕር ዛፉ ጋ ስንቃረብ አባዬ «እዚህ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አቁም» አለው። ወርዶ ባሕር ዛፉ ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጉም አልነበረም ያን ቀን፤ አገሩ ሁሉ ይታያል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቴ ስትቀበር እንኳ በመዝሙር ነበር የሸኛት። ተመልሶ ገባና መኪናውን ወደ አገና አስመለሰው።

ሽማግሌዎቹን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሰበሰባቸው። «ዋስነቴን አውርዱልኝ» አላቸው ቆሞ። «ያስታረቃችሁን በቃል ስድብ መስሎኝ ነው። ባላወቅኩት ነገር ዋስ ሆኛለሁ። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ ወደፈለገችበት ትሂድ።»

«ሽማግሌ ታፈርሳለህ?» አሉት ትልቁ።

«አፈረስኩ» አላቸው።

ቀላል ቃል አይደለም። ከዚያ ወዲህ አልጋ ያዘዙት ትተውት ሄዱ፤ ለሠርግ የማይጠሩት ወዳጆች አፈራ፤ በቤተ ክርስቲያናችን እንኳ «ይቅር ካሉ በኋላ?» ያሉት ነበሩ። አንድም ቀን በኔ ላይ አላነሣውም። አይ አባቴ!

ፖሊስ ጋ ሄድኩ። ምስክር አምጪ ተባልኩ። ማን አለኝ ብዬ ሳለቅስ ያቺ ጀሪካን የምትይዘው ጓደኛዬ በየገበያው ጠይቃ ረጅሟን እናት አገኘቻቸው። መጡ። «አንድ እግሯ ባዶ ነበር» አሉ፣ «መኪናውም እንደ ጅብ ከኋላችን ነበር።» ከዚህ በላይ አላዩም፤ የማያውቁትን አልጨመሩም። መርማሪው ጻፈ። ቀጠሮ ሆነ፣ ሌላ ቀጠሮ ሆነ፣ ሹፌሩም «እህቴ ናት፣ በሽማግሌ ታርቀናል» ብሎ ሽማግሌ ጠራ። በመጨረሻ ማስረጃው አይበቃም ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ግን «ለሰላም ሲባል» ብሎ አዛወረው፤ ወደ ቡታጅራ በኩል፣ መስቃን ገጠር ውስጥ ወዳለ ጤና ጣቢያ። ምን ሊነዳ? አምቡላንስ ነዋ! ጎበዝ ሹፌር ነው።

እኛ ጋ አዲስ ሹፌር መጣ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ሰውዬ። ሰው ሁሉ «ገላገለሽ» አለኝ። ምግብ ወረደልኝ፣ እንቅልፍም መጣ። ብቻ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ፦ እዚያስ ጋቢና የምትገባው ማናት?

ቡታጅራ አብራኝ የተማረች ልጅ ነበረች፤ አስፈልጌ የዚያን ጤና ጣቢያ አዋላጅ ስልክ አገኘሁ። በምን ልጀምር? ደጋግሜ ደውዬ ሳይነሣ ዘጋሁት። አንድ ቀን ግን ቆይቼ ጠበቅኩ። ቀጭን የልጅ ድምፅ አነሣው፤ ከኮሌጅ በቅርብ የወጣች መሆን አለበት።

«ማን ልበል?»

«አታውቂኝም» አልኳት። «እኔም አዋላጅ ነኝ፣ አገና በኩል። አዲሱ ሹፌራችሁ ከኛ ጋ ነው የመጣው።»

ዝም አለች። ዝምታዋን ዐወቅኩት፤ እኔም እንደዚያ ነበር ዝም የምለው።

«እህቴ» ልላት ፈልጌ ተውኩት። «ስሚኝ» አልኳት፣ «ሕመምተኛ አድርሳችሁ ስትመለሱ፣ ጋቢና ስትገቢ፣ የማዋለጃ ሻንጣሽን መሐል አድርጊው። በማርሹና ባንቺ መሐል።»

«አድርጌዋለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያነሣዋል።»

ምስክር እሆንሻለሁ፣ ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ አባቴም ይመጣል፣ ዛሬ ብቻ አትሂጂ እያልኳት ነበር። ከኋላዋ ክላክስ ጮኸ፤ አንድ ወንድም ጮክ ብሎ ተጣራ፣ ሰው ሁሉ የሚወድለት ድምፅ።

«እህቴ! ነይ እንጂ፣ እናቲቱ እየጠበቀችን ነው!»